የአኔኬ ቤት ወንድ ልጅ

የልጄ የኡጎንማ ሰርግ በደረሰበት ሳምንት እናቴ አይሆንም አለች። ድንኳኑ ታዟል፤ ፍየሎቹ ጓሮ ታስረው ይጮኻሉ፤ የዘንባባ ጠጅ ለሚያመጡልን ሰዎች ቀብድ ተሰጥቷል፤ የሙሽራው የአሪንዜ ወገኖች ከኤኑጉ ከተማ የሚመጡበትን አውቶቡስ ተከራይተዋል። እሷ ግን ጠዋት የተጠበሰ ቦዬዋን በቀይ ዘይት እያጠቀሰች፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ ኡጎንማ የትም አትሄድም አለችኝ። እዚሁ ትቀመጥ፣ እዚሁ ትውለድ፣ የአኔኬ ቤት መዘጋት የለበትም። እናቷ የሆነችውን ትሁን።

እናቷ እኔ ነኝ። አዳኦቢ እባላለሁ። አኔኬ ደግሞ አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ያጣ ሰው ሴት ልጁን ያስቀራል። ማስቀረት ነው የሚሉት፤ ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ለዘሩ ወንዶች ፍየል ይታረዳል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ አትዳርም። አባቷ ቤት ተቀምጣ ካገኘችው ሰው ትወልዳለች፤ የወለደችው ሁሉ በአባቷ ስም ይጠራል፣ የአባቷ ልጅ ነው የሚባለው። ወንዱ መጥቶ ይሄዳል፣ መብት የለውም። እሷ በወንድ ልጅ ቦታ ቆማለች ይላሉ። መቆምስ ቆሜአለሁ፤ እንደ አጥር ግንድ ተክለውኝ ሄዱ።

ሁለቱ ወንድሞቼ ጦርነቱ ላይ ቀሩ። ሸሚዛቸው እንኳ አልተመለሰም። እኔ ያኔ ኮረዳ ነበርኩ፤ ኦኬዚ የሚባል ልብስ ሰፊ ከወገኖቹ ጋር ሊያጨኝ መጥቶ ደጃችንን አንኳኩቶ ነበር፤ አባቴም ለእንግዳ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ሰብሮ አብሯቸው በልቷል። ኦኬዚ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር፤ ያ ነገሩ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ስመጣ ግቢያችን በዘራችን ወንዶች ተሞልቷል፣ ፍየል ታርዷል። የኔ የመታጨት ፍየል መሰለኝ። እንስራዬን አወረድኩና ድስት ልጠብ፣ ማገዶ ላቅርብ፣ ላይ ታች ማለት ጀመርኩ። አንዲት የአጎቴ ሚስት እያየችኝ እንባዋን ስትጠርግ እንኳ ጭሱ ነው ብዬ አለፍኩ። የተቀበርኩበትን ፍየል ራሴ ቀቅዬ፣ ራሴ ወጡን ቀምሼ፣ ራሴ አቀረብኩላቸው። አንድም የነገረኝ የለም። አመሻሹ ላይ የኦኬዚ ጠጅ ሳይከፈት በመጣበት እንስራ ሲመለስ አየሁና ያኔ ገባኝ።

ኦኬዚም ቢሆን ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም። ለሚቀጥለው የቦዬ አዝመራ ሌላ አገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምኑን ላውራው። አንድ ወንድ ልጅ ወልጄ በኩፍኝ ሞተብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ኡጎንማ መጣች። የወለድኳት ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሚስትና ቤት ያለው ሰው። ገበያ ደረቅ ዓሣ ስሸጥ አልፎ አልፎ ይመጣና ተከራክሮ ይገዛል፤ ሊሄድ ሲል ደግሞ የአኔኬ ልጅ እንዴት ናት ይለኛል። የገዛ ልጁን። እኔም ደህና ናት እላለሁ፣ ዓሣውን በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ።

አባቴን ስረግም ነው የኖርኩት። መቃብሩ እዚሁ በራፋችን ላይ ነው፤ ጠርጌለት አላውቅም፣ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። እናቴን ግን አዝንላት ነበር። እሷ ምን ታድርግ፣ እሷን ማን ይሰማታል እል ነበር። እንዴት ያለሁ ቂል ነበርኩ።

ኡጎንማ ኤኑጉ ሒሳብ ታስተምራለች። አሪንዜ በማሽን የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ልጅ ነው። ወገኖቹ ስለ ቤታችን ሊያጣሩ የመጡ ዕለት፣ አባቷ ማነው ሲሉ አኔኬ፣ አያቷ ማነው ሲሉም አኔኬ ሲባሉ እናቱ ፊቷን አጨፈገገች። እንዲህ ያለ ነገር ዛሬም አለ እንዴ ብላ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። አሪንዜ እዚያው ሰው ፊት፣ እኔ የማገባው እሷን ነው፣ ከአያቷ ጋር ጉዳይ የለኝም አላት። ሴትዮዋ አፏን ያዘች። ያን ቀን ልጁን ወደድኩት። ወደድኩት ብቻ ሳይሆን ቀናሁም።

በዚህ ሰርግ ከሙሽሮቹ ይልቅ ጥርሱ አልከደን ያለው ኢግዊሎ ነው፣ የአባቴ የወንድሙ ልጅ። ኡጎንማ ካገባች በአኔኬ ስም የሚቆም ሰው አይኖርም፤ ግቢው ለእሱና ለልጆቹ ይሆናል። ገና ሰርጉ ሳይደርስ ብሎኬት አስጭኖ አምጥቶ በአጥራችን ጥግ ደረደረው። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ እህት ዓለም ለራሴ አጥር ነው አለኝ። ለአጥር ያለው ብሎኬት ፎቅ ያቆማል። የድንኳኑን ወጪ እኔ እችላለሁ ያለውም እሱ ነው። ዋንጫውን የሚሰጠውም እሱ ሊሆን ነው። በሰርግ ቀን አባት ዋንጫውን ጠጅ ሞልቶ ለልጁ ይሰጣታል፤ እሷ ከእንግዳው መሃል ባሏን ፈልጋ፣ ቀምሳ ታጠጣዋለች፤ ጋብቻው የሚጸናው ያኔ ነው። የኡጎንማ አባት የሚባለው አባቴ ሞቷል፤ ከዘሩ የቀረበው ወንድ ኢግዊሎ ነው።

እናቴም አጥብቃ የያዘችው ይህንኑ ብሎኬት ነው። ልጅቷ እግሯን ባነሳች ማግስት አንቺንም እኔንም ከነድስታችን መንገድ ላይ ያወጣናል አለችኝ። ውሸቷን አይደለም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ውሸቷን ቢሆን ዝም አሰኛት ነበር።

ኡጎንማን ያሳደገቻት እሷ ናት። እኔ ገበያ ውዬ ሳመሽ በእሷ ጀርባ፣ በእሷ አልጋ ነው ያደገችው፤ አሮጊቷ የት እንደምትነካት ታውቃለች። ረቡዕ ልጅቷ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋችባት። ስሞት ሬሳዬን የማን ልጅ ያወጣዋል፣ ኢግዊሎ መቃብሬ ላይ ሱቅ ይሠራበታል፣ የምትሄጂ ከሆነ መጀመሪያ ግደይኝና ሂጂ ብላታለች። ኡጎንማ ዓይኗ ደም መስሎ ወጣች። እኔ ወጥ ቤት መራራውን ቅጠል እያሸሁ ነበር፤ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማ፣ ለአሪንዜ ልደውልለትና ይቅር ልበለው?» አለችኝ።

«ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ሰርጉ። እዚህም ትምህርት ቤት አላጣም። ከእናንተ ጋር እኖራለሁ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«እሱን ምን አመጣው?»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

ጎንበስ ብላ ከእኔ ጋር ቅጠሉን ማሸት ጀመረች፤ አረንጓዴው ውሃ የከተማ ጥፍሯን ሲያበላሸው ታያለች። ያኔ ለገዛ ፍየሌ ድስት ሳጥብ ታየኝ። ደሜ ፈላ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ እናቴ ጓዳ ገባሁ።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ኮላ በጥርሷ ትጭራለች። ጥርስ ተብዬውም ያለቀ ነው። ልጄን ምን ብለሻት ነው አልኳት። ልጅሽ አይደለችም፣ የአኔኬ ልጅ ናት፣ የዚህ ቤት ናት አለችኝ።

«እኔ ቀርቼልሻለሁ» አልኩ። «እሷን ተያት።»

«ቀርተሽ ሞትሽ? በላሽ፣ ነገድሽ፣ ወለድሽ። የባል ዱላ አልቀመስሽ። ያ ኦኬዚ የሚስቱን ጥርስ ሲያረግፍ ሰምተሻል። አንድ ቀን እንኳ ተመስገን ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንቺን ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? ያስቀረኝ አባቴ ነው።»

እናቴ ሳቀች። ሳቅዋ የክፋት አልነበረም፤ እንደው ሕፃን ነገር እንደተናገረ ሰው ነው የሳቀችብኝ።

«አባትሽማ ለኦኬዚ ሊሰጥሽ ነበር» አለች። «ልጄን ከማስቀራት ቤቴ ይዘጋ ብሎ እንቢ ብሎኝ ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ የለመንኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹን ጦርነት በላብኝ፣ ሴቷን ደግሞ አንተ አትውሰድብኝ ብዬ። ፍየሉም የኔ ነበር፤ ከጓሮ አስፈትቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። አባቴ በሞተበት ቀን አላለቀስኩም። ሲያጣጥር ውሃ ስጪኝ ብሎኝ፣ አምጥቼ አጠገቡ አስቀምጬ ፊቴን አዙሬ ወጥቻለሁ። እሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው እኔ ነኝ ያስቀረኋት ብሎ ኃጢአቷን ተሸክሞላት ሄደ፤ እሷም አሸክማው ዝም አለች። በጥፊ ባጮላት ምን ያህል ደስ ባለኝ። እናት አትመታም። ወጣሁና የውሃውን ማሰሮ በእግሬ መታሁት፤ ማሰሮው ተሰበረ፣ እኔም አውራ ጣቴን ሰበርኩ፣ ሰርጉን ሙሉ እያነከስኩ ነው የዋልኩት።

ኡጎንማ ጣቴን በጨርቅ ስታስርልኝ፣ ቅዳሜ ትለብሻለሽ አልኳት። አግቢ፣ አልልሽም፤ ቅሪ፣ አልልሽም። ዋንጫው እጅሽ ሲገባ ከፈለግሽ ሂጂና አጠጪው፣ ከፈለግሽ መሬት ላይ ድፊው። ግን ለእሷ ብለሽ አይሁን፣ ለኔም ብለሽ አይሁን። እኔን አንድ ሰው እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ይኸው እኔ ጠየቅኩሽ። አንገቷን አቀርቅራ ጨርቁን አጠበቀችው። አሪንዜ ሐሙስም ዓርብም ደወለላት፤ አላነሳችለትም። ዓርብ ማታ እኔ ጋ ደውሎ፣ እናት፣ ልምጣ ወይስ ልቅር አለኝ። ና፣ ከእነ አውቶቡስህ ና አልኩት፤ ከዚህ በላይ የምነግረው አልነበረኝም።

ቅዳሜ መጡ። ግቢው ሞላ፤ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ሩዙ በትልልቅ ድስት ይንተከተካል፣ የአሪንዜ ጓደኞች እሱን መሃላቸው ደብቀው ተቀምጠዋል። ያ ሾፌርም መጥቷል፣ እንደማንኛውም ጎረቤት። ከኋላ ወንበር ይዞ ሥጋውን ይበላል። እናቴ ጥሩ ሽርጧን ለብሳ ማንም ሳይጋብዛት በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ኡጎንማ ዶቃዋን አድርጋ ከአጃቢዎቿ ጋር ስትወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሷ ግን ፊቷ አመድ ነው። አሪንዜን አላየችውም፤ ያየችው አያቷን ነው።

የዘራችን ታላቅ አዛውንቱ ኦኮሊ ኮላውን ባርከው ሲጨርሱ፣ ኢግዊሎ ቀይ ቆቡን አስተካክሎ ዋንጫውን ሊያነሳ ተነሳ። እኔም እያነከስኩ ተነሳሁ።

«ኢግዊሎ፣ ቁጭ በል» አልኩት።

ቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። እኔ ወደ አዛውንቱ ዞርኩ። አባባ ኦኮሊ፣ እኔን ያስቀሩኝ ቀን ከፍየሉ በልተዋል ወይ አልኳቸው። እሳቸው ውሸት አያውቁም፣ በልቻለሁ አሉ፤ ደረት ነው የደረሰኝም አሉ።

«ፍየሉ ለምን ነበር የታረደው?»

«አንቺ በአኔኬ ወንድ ልጅ ቦታ እንድትቆሚ።»

«እንግዲያው የአኔኬ ወንድ ልጅ እዚህ ቆሞ፣ የአኔኬን ልጅ የወንድሙ ልጅ የሚድራት በምን ሕግ ነው? የዘር መዋጮ ሲባል ወንድ ነኝ። ቀብር ሲቆፈር አረቄ አምጪ ሲባል ወንድ ነኝ። አልጋዬ ባዶ ሲሆን ወንድ ነኝ። ዋንጫው ሲመጣ ነው ሴት የሆንኩት?»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ እውነቷን ነው አለች፤ ሌላዋም ተከተለች። ኢግዊሎ ዋንጫ ከሴት እጅ ወጥቶ አያውቅም ብሎ ጀመረና መሃል ላይ አቆመው። ነገሩ ገባው። እየገባው ሲሄድም ፊቱን አየሁት። ዛሬ ይህ ሁሉ ሰው ባለበት እኔ ዋንጫውን ከሰጠሁ የአኔኬ ወንድ ልጅ መሆኔ ተመሰከረ ማለት ነው፤ በሕይወት እስካለሁ የዚህን ግቢ አጥር ማንም አይነካም። ከከለከለኝ ደግሞ ሰርጉን ያፈረሰው እሱ ነው፤ ኡጎንማ ትቀራለች፣ ትወልዳለች፣ ያኔም ግቢው አመለጠው።

«ይከልከለኝ» አልኩ። «ለእንግዶቹ ይንገራቸው። ከኤኑጉ ድረስ መጥታችሁ ያስመለስኳችሁ እኔ ኢግዊሎ ነኝ ይበላቸው።»

የአሪንዜ አጎት ምንድነው ችግሩ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ ኢግዊሎን አየ። ላቡ ከቆቡ ስር ወረደ። ከሰርግ በላይ ምን አለ፣ ትስጥ አለና ተቀመጠ። አባባ ኦኮሊም በትራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ የበላነው ፍየል የወንድ ልጅ ፍየል ነው፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል አሉ።

ያኔ እናቴን አየኋት። በደስታ ታበራለች። ወንድ ልጄ አለች፣ በሹክሹክታ። ወንድ ልጅ ከሆንኩ ልጅቷን የማስቀረት ሥልጣኑም የኔ ነው፤ ዋንጫውን የቀማሁት ለእሷ ብዬ መስሏት ነው። እጇን ዘርግታ ኡጎንማን ወደ ጉልበቷ ጠራቻት።

ጠጁን ቀዳሁ። እስከ አፉ ሞላሁትና ለኡጎንማ ሰጠኋት። ጥቂት ፈሰሰ። ልጅቷ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ አያቷን አየች፣ ቆየች፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ይጠብቃል። ድፊው ባልኳት ጊዜ ከልቤ መስሎኝ ነበር። ከልቤ አልነበረም። ልቤ ሂጂ ሂጂ ይላል፤ አፌን ግን ነክሼ ያዝኩት።

ዞረች። ከዚያ ወደ ሰው መሃል ገባች። ወንዶቹ እንደ ልማዱ እጃቸውን እየዘረጉ፣ እኔ ነኝ ባልሽ፣ ወዴት ታልፊኛለሽ፣ እሱ ድሃ ነው እያሉ ያስቸግሯት ጀመር። ሾፌሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ሰውየው ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። አለፈችው። ጓደኞቹ መሃል አሪንዜን አገኘችው፤ ያ እጁ የማያርፍ ልጅ ሁለት እጁን ጭኑ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። ተንበረከከች፣ ቀመሰች፣ ሰጠችው። ጨርሶ ጠጣው፤ ሲጠጣ ያለቅስ ነበር፣ አልደበቀውም። ግቢው በእልልታ ተናጋ። ኢግዊሎ ሳይበላ ወጣ።

እኔ እልል አላልኩም። አባቴ ወንበር አጠገብ ቆሜ ነበር። እናቴ የሽርጤን ጫፍ ያዘችኝ።

«ወንድ ልጅ ነኝ ብለሻል» አለችኝ። «እሺ። ካንቺ በኋላ ማነው?»

«ማንም።»

«አዳኦቢ።»

«ከኔ በኋላ ይዘጋል እማዬ። እኔን የበላሽበት ቤት ከኔ ጋር ይዘጋል።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ወንድሞቼ በቀሩ ጊዜ እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። የአሪንዜ ወገኖች የደስታ እንባ መሰላቸው። አያት ተደሰቱ፣ አያት አለቀሱ እያሉ ከበቧት፣ አጨበጨቡላት፣ እናቱም መጥታ አቀፈቻት። እናቴ በሰዎቹ ትከሻ ላይ ሆና እኔን ታያለች። ቆሜ አየኋት። አላባበልኳትም።